ቀጥ ያለው ጉድጓድ

ሙላው የሚተዳደረው ቀዳዳ በመለካት ነው። በአሜሪካ፣ ሲያትል አቅራቢያ ኤቨረት በሚገኝ የአውሮፕላን አካል ፋብሪካ ውስጥ፣ ከክንፍ ሥር የሚገቡ የብረት ቁራጮች በፊቱ ይደረደራሉ፤ እሱም በእያንዳንዱ ቀዳዳ የመለኪያውን ዘንግ አስገብቶ፣ ቁጥሩን አንብቦ፣ የተስተካከለውን በስተቀኝ፣ የተንጋደደውን በስተግራ ያኖራል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ አለቆቹም ያከብሩታል። ነገር ግን ሰው በስድሳ አንድ ዓመቱ ቀኑን ሙሉ ቀዳዳ ሲለካ ሲውል፣ በወጣትነቱ ያስቆፈራቸውን ጉድጓዶች ማስታወሱ አይቀርም።

በአገር ቤት ሳለ ጂኦሎጂስት ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ ተመርቆ በመንግሥት የማዕድን ፍለጋ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሏል፤ ከዚያ ውስጥ ሰባቱን ያሳለፈው በሻኪሶ፣ በወርቁ ምድር ነው። በሥሩ አርባ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። እያንዳንዱ የሙከራ ጉድጓድ አንድ ሜትር በሰማንያ ሳንቲ ሜትር እንዲሆን፣ አራቱም ግድግዳዎች እንደ ግንብ ቀጥ እንዲሉ ያዝዝ ነበር። በክር ጫፍ ድንጋይ አስሮ ከጉድጓዱ አፍ ወደ ታች ይለቅና፣ ክሩ ከግድግዳው ጋር እኩል ካልወረደ፣ «ጠሟል፤ እንደገና» ይላል። ሁልጊዜም በሰሜኑ ግድግዳ ላይ፣ መዳፍ በሚያህል ስፋት፣ ከላይ እስከ ታች ቦይ ያስፍቅና በየሃያ ሳንቲ ሜትሩ የአፈር ናሙና ይወስዳል። ከአራቱ ግድግዳ ሰሜኑን ለምን እንደ መረጠ የጠየቀው ሰው አልነበረም። መምህሩ እንዲያ አስተምረውታል፤ እሱም እንዲያ አደረገ።

ሚስቱ ሠርካለም ዲቪ ደርሷት ወደ ሲያትል ከመጡ እነሆ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ዲግሪው በሌክ ሲቲ አፓርታማቸው ሳሎን ውስጥ ከበሩ ትይዩ ተሰቅሏል፤ እንግዳ ጫማውን ሲያወልቅ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያነበው የለም። ሙላው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማስረጃውን አስተርጉሞ ለብዙ መሥሪያ ቤት ልኮ ነበር። መልስ የሰጡት ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም ስለ ላኩልን እናመሰግናለን ከማለት አላለፉም። ዜግነቱን ባገኘ ዓመት ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ ፋይል አስሮ አልጋ ሥር ከተተ። ስለዚያ ፋይል ዳግመኛ አላነሣም። ሠርካለምም አላነሣችበትም።

ከእነዚያ አርባ ሠራተኞች አንዱ ሊበን ነበር። ሊበን የሻኪሶ ልጅ፣ የጉጂ ተወላጅ፣ አባቱም አያቱም ከእንጨት በተፈለፈለ ገበቴ ወርቅ ሲያጥቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። በሃያ ዓመቱ ለሙላው ጉድጓድ ቆፍሯል፤ አሁን አርባ ስድስት ሞልቶታል። በሚስቱ በጸጋ በኩል ወደ ሲያትል መጥቶ፣ ዕጣ እንዳለው ሰው፣ ልክ ሙላው በሚኖርበት ሕንፃ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ተከራየ። ካፒቶል ሂል ባለ አንድ ምግብ ቤት ሳህን በማጠብ ጀምሮ የሾርባው ኃላፊ ሆኗል። በዚህች ከተማ ሙላውን «ኢንጂነር» እያለ የሚጠራው እሱ ብቻ ነው። መጠሪያው ከአክብሮት የመጣ ነበር፤ ሙላው ግን በሰማው ቁጥር፣ የሞተ ዘመድ ስም በሰው ፊት እንደ ተነሣበት ሁሉ ይከፋው ነበር።

ቅናቱ የጀመረው በአንድ የምረቃ ግብዣ ላይ ነው። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲጫወት፣ ሊበን ከኪሱ ጣት የምታህል የመስተዋት ብልቃጥ አወጣ። በውስጧ ውሃ ነበረ፤ ከውሃው ግርጌ ደግሞ ጥቂት የወርቅ ብናኝ። ከከተማው በስተ ምሥራቅ ባለው ተራራ፣ ከሱልታን ከተማ በላይ ካለ ጅረት፣ በገዛ እጁ አጥቦ ያወጣው መሆኑን ተናገረ። የጅረቱን ስም ቢጠይቁት ሳቀ እንጂ አልነገራቸውም፤ ወርቅ አጣቢ ውሃውን እንደማይናገር ማንም ያውቃል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሙላው ስለ ወርቅ ሲያወራ ወደ ጎን ይመለከቱ የነበሩ ሰዎች ብልቃጧን ለማየት ተጋፉ። በመጨረሻ ሠርካለም እጅ ገባች። ወደ መብራቱ አንሥታ ትክ ብላ አየቻትና፣ «ሙላው፣ ይኸው ወርቅ ማለት! አንተ ሃያ ዓመት ፈለግሁ ትላለህ እንጂ አንድ ፍሬ አሳይተኸኝ ታውቃለህ?» አለችው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ነገሩ ጨዋታ ነበር፤ ጨዋታ መሆኑን ሙላውም ያውቃል። የመንግሥት ጂኦሎጂስት ወርቅ የት እንዳለ በካርታ ያመለክታል እንጂ አንድ ፍሬ ወደ ቤቱ ይዞ አይሄድም፤ ቢይዝ ኖሮ ወንጀል ነበር። ይህን ለማስረዳት አፉን ከፈተ። ነገር ግን ሳቅ ላይ ያለ ሰው ማብራሪያ አይሰማምና አፉን መልሶ ዘጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያች ብልቃጥ በሆዱ ውስጥ ተቀመጠች።

በሐምሌ መጀመሪያ ሊበን ራሱ ወደ ላይ ወጥቶ አብረው እንዲሄዱ ለመነው። «እኔ ውሃውን ነው የማውቀው፤ ድንጋዩን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ኢንጂነር» አለው። ሙላው እሺ ከማለቱ በፊት ሕጉን አጠና። የደን መሬት ደንቡን፣ የዓሣና የውሃ ጥበቃ መመሪያውን፣ የተፈቀደውን ወቅት፣ ሁሉንም አትሞ በአዲስ ፋይል አሰረ። ሕጉም ግልጽ ነበር። ጅረቱ ያለበት ደን ለአዲስ የማዕድን ይዞታ ተዘግቷል። ሰው በእጅ ሳህን ብቻ፣ በበጋው ጥቂት ሳምንታት ብቻ፣ ውሃው በሚሸፍነው ጠጠር ላይ ብቻ ማጠብ ይችላል። ዳርቻውን መቆፈር፣ የዛፍ ሥር መቁረጥ፣ ሞተር ማስገባት የተከለከለ ነው። ይኸው በጥቁር ቀለም ተጽፎ መኪና በሚቆምበት ቦታ፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሊበን መኪናውን ፓርክ እንዳደረገ፣ ሙላው ሰሌዳው ፊት አቁሞት ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ተረጎመለት። ዳርቻው ከተነካ አፈሩ ወደ ውሃው እንደሚወርድ፣ አፈሩ ከወረደ የሳልሞን እንቁላል ታፍኖ እንደሚሞት፣ የቀድሞ ዘመን ቆፋሪዎች ወንዙን ገልብጠው ትተውት የሄዱት እንዲህ እያደረጉ እንደ ሆነ አስረዳው። ሊበን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እስኪጨርስ አዳመጠና፣ «ሶ፣ ባለርስቱ ዓሣው ነው በሉኛ» አለ። ሙላው አልሳቀም። ሕግን በቀልድ የሚቀበል ሰው ያናድደዋል።

ከዚያ በኋላ ግን የሆነው ሁሉ ሙላውን የሚያሳንስ ነበር። እሱ የአለቱን አቀማመጥ አይቶ፣ የውሃውን አቅጣጫ አስልቶ፣ ይሆናል ባለው ስፍራ ሳህኑን ይነክራል፤ ጥቁር አሸዋና ዓይን የማይሞላ ብልጭታ ያገኛል። ሊበን ምንም አያሰላም። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ይገባል፤ በእግሩ ጣቶች ጠጠሩን ይዳስሳል፤ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ ውሃው ጉልበቱን በሚያጣበት ስፍራ ይቆምና፣ ሰፌድ ይዛ እህል እንደምታበጥር ሴት ሳህኑን ያዞራል። የእሱ ሳህን ሁልጊዜ ያበራል። ሙላው በአራተኛው ቅዳሜ ሊበን የቆመበትን ቦታ ለቅቆ እስኪሄድ ጠብቆ እዚያው ገባ፤ ሊበን ደግሞ ሙላው ተስፋ ቆርጦ ከተወው ቦታ ገብቶ አጠበ። በዚያም ቀን ያገኘው ሊበን ነው። ያገኘውም ብናኝ አልነበረም፤ የምስር ፍሬ የምታህል፣ የተጨፈለቀች፣ ቢጫ ወርቅ ነበረች።

ሊበን ፍሬዋን በመዳፉ ላይ አገላብጦ አያት። ከዚያም ወደ ሙላው ቀርቦ፣ «ይህችን ለእትዬ ሠርካለም ይስጡልኝ። ያን ቀን በቀልድ አሳፍረውዎት ነበር፤ ሲመለሱ ባዶ እጅዎን አይግቡ» አለው።

ከዚህ የከፋ ሊለው አይችልም ነበር። ሙላው እምቢ ለማለት ምክንያት ፈልጎ አጣ፤ ተቀበለ። እቤት ሲደርስ ፍሬዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ከየት እንደ መጣች ለሠርካለም ነገራት። እኔ ነኝ ያገኘኋት ብሎ ቢዋሽ ኖሮ ማን ይቃወመው ነበር? ነገር ግን በሐሰት ቁጥር አስገብቶ አያውቅም፤ ይህም ሥነ ሥርዓቱ በዚያ ሰዓት መራራ ሆነበት። ሠርካለም ፍሬዋን ከአንገት ሐብሏ ጫፍ ላይ አሠርታ አሰረቻት። ስትለብሳት ባየ ጊዜ ሙላው፣ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አላት። እሷም መስተዋቱን ሳትለቅ፣ «የሰጠን እኮ ሰው አይደለም፤ ሊበን ነው» ስትል መለሰችለት።

በተከታዩ ማክሰኞ ሙላው ከፋብሪካው የዓመት ፈቃድ ወስዶ፣ ለሠርካለም ኦቨርታይም አለብኝ ብሎ፣ አካፋና ዶማ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ብቻውን ወደ ተራራው ነዳ። በሰሌዳው በኩል ሲያልፍ አንገቱን ደፋ። ለሊበን የተረጎመለትን እያንዳንዱን መስመር እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል። ነገር ግን ቅናት ያደረበት የተማረ ሰው ካልተማረው ይልቅ ክፉ ነው፤ ለጥፋቱ ምክንያት ያዘጋጃልና። ናሙና መውሰድ ማዕድን ማውጣት አይደለም አለ በልቡ። ወንዙ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት አሁን ዛፍ በበቀለበት ደልዳላ ላይ ይፈስ ነበር፤ ስለዚህ ከባዱ ወርቅ ከዚያ ሥር፣ ከአለቱ ላይ መተኛት አለበት፤ ይህን ደግሞ በእግር ጣት መዳሰስ አይቻልም፤ ይህን ማወቅ የሚችለው የተማረ ሰው ብቻ ነው። ክርክሩ ትክክል ነበር። ስህተቱ ክርክሩ ላይ አልነበረም።

ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር፣ ከውሃው አሥራ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ አንድ ሜትር በሰማንያ ሳንቲ ሜትር ለካና ቆፈረ። መሬቱን የሸፈነውን ፈርን፣ ያን የጥላ ተክል፣ ገፍፎ ወደ ጎን ጣለ፤ ሁለት የዝግባ ሥሮች ቆረጠ። ወገቡ እየተቆራረጠ አንድ ሜትር ከሠላሳ ድረስ ወረደ። ግድግዳዎቹን በክርና በድንጋይ ፈትኖ አስተካከለ፤ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ቦዩን ፋቀ፤ ናሙናዎቹን በየሃያ ሳንቲ ሜትሩ ወስዶ፣ ከአፉ ዳር በቅጠል ላይ ደረደራቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ እጁ ምንም አልረሳም። ለጥቂት ሰዓታት ሰው ሆኖ ዋለ ማለት ይቻላል።

ናሙናዎቹን ወደ ውሃው ወስዶ አጠበ። በአንዱም ውስጥ ምንም አልነበረም፤ ብናኝ እንኳ። ከጉድጓዱ ግርጌ ውሃ መመንጨት ጀመረ፤ ወገቡም ፈጽሞ ያዘው። ቅዳሜ መጥቼ እደፍነዋለሁ ብሎ፣ የአፈሩን ቁልል እንዳለ፣ ጉድጓዱን አፉን እንደ ከፈተ ትቶት ሄደ። በሻኪሶም ጉድጓድ ራሱ ደፍኖ አያውቅም ነበር፤ የሚደፍኑት ሠራተኞቹ ናቸው።

ቅዳሜ ግን ከአልጋ መነሣት አቃተው። ሊበንን ወገቤን አሞኛል ብሎ አሰናበተው፤ ሐሰት አልነበረም። ሊበን ጉድጓዱን እንደሚያየው አሰበና፣ ማንም ሊቆፍረው ይችላል ብሎ ራሱን አጽናና።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጸጋ ለሠርካለም ኮል አደረገች። ሊበን ተከሷል። ጉድጓዱን አይቶ ማለፍ አልሆነለትም፤ ጠጠር በሚያነሣባት ትንሽ አካፋ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲሞላ ቆየ፤ አፈሩን ረግጦ፣ የተጣለውን ፈርን መልሶ ሲተክል የደን ጠባቂዋ መጣችበት። ያየችው አዲስ አፈር፣ የተቆረጠ የዝግባ ሥር፣ አካፋና የወርቅ ማጠቢያ ሳህን ነው። «አይ ክሎዝ፣ አይ ኖት ኦፕን» አላት፤ ዘጋሁ እንጂ አልከፈትሁም ማለቱ ነበር። በተዘጋ የደን መሬት ላይ ያለ ፈቃድ በመቆፈር ብላ የክስ ወረቀት ሰጠችው።

ሙላው ይህን በሰማ ጊዜ በመጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። መናገሩ ያሳፍራል፤ የሆነው ግን ይህ ነው። ደስታው ሦስት ትንፋሽ ያህል ቆየ። ከዚያ ወዲያ ፍርሃት ተተካ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊበንና ጸጋ ወደ ላይ ወጡ። ሊበን የዜግነት ቃለ መጠይቁ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ቅጹ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ በሕግ አስከባሪ ተከሰህ ታውቃለህ ወይ የሚል ነው። የዜግነት ጉዳዩን የያዘችው የሕግ ጠበቃ ክሱ እስኪለይ ቀጠሮውን ማራዘም እንደሚያስፈልግ፣ መራዘሙም ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል ነግራቸዋለች። ዓመቱ ለሊበን ዓመት ብቻ አልነበረም። እናቱ በሻኪሶ ሰማንያ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እናትን ማስመጣት የሚችለው ዜጋ የሆነ ልጅ ብቻ ነው። ጸጋ ይህን ስትናገር ሊበን ከበሩ ትይዩ ያለውን ዲግሪ ያይ ነበር።

የመጡበት ጉዳይ አንድ ነበር። ሊበን ሐሙስ ጠዋት ወደ ደን ጽሕፈት ቤቱ ቀርቦ ቃሉን እንዲሰጥ ተቀጥሯል፤ ሙላው ደብዳቤ እንዲጽፍለትና አብሮት ሄዶ እንዲያስተረጉምለት ለመኑ። ሠርካለም መልስ እስኪሰጥ አልጠበቀችም። ሕግ የሚያውቅ ሰው እቤታችን እያለ ሌላ ማን ይጻፍ ብላ ፈረደች፤ ስትናገር በጣቶቿ የአንገቷን ወርቅ ታሻሽ ነበር።

ሙላው፣ «የቆፈረውን ሰው አይተኸዋል?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ስደርስ ተቆፍሮ ነው ያገኘሁት፤ ኢንጂነር። የቆፈረውን ሰው አላየሁም።»

«ታዲያ ምን አገባህና ሞላኸው? ጥለህ ብትሄድ ይህ ሁሉ ይመጣ ነበር?»

«የተከፈተ ጉድጓድ ትቼ ማለፍ አልችልም። አባቴ ሦስት ላሞች በቆፋሪ ጉድጓድ ገብተው ተሰብረውበታል። እዚያ ደግሞ አጋዘን አለ፤ ሕፃናት ይዘው የሚመጡ አሉ።» ቀጥሎም ጨመረ፦ «ደግሞ ጥሩ ጉድጓድ ነበር። መድፈኑ አሳዘነኝ።»

ሙላው ከሥራ መልስ ሦስት ቀን ደብዳቤውን ሲጽፍ ሰነበተ። መከራከሪያው ጠንካራ ነበር፦ ሊበን የሚሠራው በውሃ ውስጥ እንጂ በዳርቻ አይደለም፤ መሣሪያው ይህን ጉድጓድ አይቆፍርም፤ ጉድጓዱ የባለሙያ እንጂ የወርቅ አጣቢ አይደለም። ይህን ሲጽፍ፣ ቃሉን በሥዕል ማስደገፍ ልማዱ ነበርና፣ ወረቀት ገልብጦ የጉድጓዱን የጎን ቁርጥ፣ ከላይ እስከ ታች ያለውን የአፈር ድርድር፣ ነደፈ። ሃያ ሳንቲ ሜትር ጥቁር የቅጠል አፈር፤ ከሥሩ አርባ ሳንቲ ሜትር ግራጫ ደለል፤ ከዚያ የተጠጋጋ ጠጠር፤ ከዚያ ቢጫ ሸክላ፤ በአንድ ሜትር ከሃያ ላይ ውሃ። የሰሜን ምልክት አደረገ፤ የናሙናዎቹን ቁጥር አስገባ። ጨርሶ ሲያየው አሥራ አንድ ዓመት ከእጁ እንዲህ ያለ ሥራ አልወጣም ነበር። ወዲያውም ደነገጠ። ጉድጓዱ ተደፍኗል፤ ከሊበን በቀር በዓይኑ ያየው የለም፤ በየስንት ሳንቲ ሜትሩ ምን አፈር እንዳለ ለክቶ ሊያውቅ የሚችለው የቆፈረው ሰው ብቻ ነው።

መቅደድ ይገባው ነበር። አልቀደደውም። ሥዕሉ የሌለበት ሌላ ደብዳቤ ጻፈና ሁለቱንም በፋይሉ ውስጥ አስቀመጠ።

ሐሙስ ጠዋት ሊበን እየነዳ ወደ ደን ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። ጠባቂዋ ፀሐይ ያጠቆራት፣ ሃምሳ ዓመት ግድም የሆናት ሴት ነበረች፤ ወንበር ሰጥታቸው፣ የክሱን ወረቀት በፊቷ ዘርግታ፣ ያለ ቁጣ ጠየቀች። ሙላው ተረጎመ። ሊበን ከቤቱ እስከ ጅረቱ ያደረገውን ሁሉ በቅደም ተከተል ተናገረ። ጠባቂዋ በመጨረሻ፣ እሱ ካልቆፈረው ማን ቆፈረው እንደሚል ጠየቀችው።

ሊበን ወደ ሙላው ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ልመናም አልነበረም። «ዋሹልኝ አልልዎትም፤ እውነቱን ይንገሩልኝ፤ የቆፈረውን አላየሁም» አለ በአማርኛ። «የሰው ስም አልጠራም። እናቴ ትቆየኛለች፤ ጠንካራ ናት።»

ያን ጊዜ ሙላው ሊበን ሁሉን እንደሚያውቅ ገባው። ይህ ሰው ወርቅ በማግኘት በልጦታል፤ ወርቁን በመስጠት በልጦታል፤ አሁን ደግሞ ዝም በማለት ሊበልጠው ነው። የእናቱ መምጣት በእሱ በሙላው ጥፋት ቢዘገይበት እንኳ አይወቅሰውም። ዕድሜ ልኩን ፎቁን ሲወጣና ሲወርድ ይህን ሰው «ኢንጂነር» ሲለው ሊሰማ ነው። ሌላው ሁሉ ይቻል ነበር፤ ይህ ግን አይቻልም። ወደ መልካም ሥራ የገፋው ንስሐ ነው ቢባል ለእሱም ለእውነትም አይስማማም። ከፋይሉ ሥዕል ያለበትን ደብዳቤ መዝዞ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ጉድጓዱን የቆፈርሁት እኔ ነኝ» አለ በእንግሊዝኛ። «ማክሰኞ ዕለት። ልኩ እዚህ አለ።»

ጠባቂዋ ሥዕሉን ወደ ራሷ ሳበች። ጣቷን በየንብርብሩ ላይ አስኬደች፤ የሰሜኑን ምልክት፣ የናሙናዎቹን ቁጥር አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ በዚህ ሙያ ስንት ዓመት እንደ ሠራ ጠየቀችው። አሥራ ዘጠኝ አላት። በዚህች አገር ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው ይህች የመጀመሪያዋ ናት፤ የጠየቀችውም ልትከስሰው ነው። ሥዕሉን ከመዝገቡ ጋር ማስቀረት እንደምትፈልግ፣ ቅጂ ከፈለገ ግን እንደምትሰጠው ነገረችው። የሊበንን ክስ ለማንሣት የሚያበቃ ማስታወሻ ጻፈች፤ በሙላው ስም አዲስ ወረቀት ሞላች። ከመቀጮው ሌላ፣ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ጅረት ሳህን እንዳይነክርና በመከር አራት ቅዳሜ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር የተጎዳውን ዳርቻ በመትከል እንዲያገለግል ተወሰነበት።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ሞንሮ የምትባለውን ከተማ ካለፉ በኋላ፣ ሙላው ከመቼ ጀምሮ እንዳወቀ ጠየቀው።

«ጎንበስ ብዬ እንዳየሁት» አለ ሊበን። «ሰሜኑ ግድግዳ ላይ ቦዩን ሳይ። ሻኪሶ ላይ ጠሟል ብለው አንዱን ጉድጓድ ሦስት ጊዜ አስቆፍረውኛል እኮ፤ ኢንጂነር። እጅዎን እንዴት አጣዋለሁ?»

«ታዲያ ለምን እቤቴ ድረስ መጥተህ ደብዳቤ ጻፍልኝ አልህ?»

ሊበን መንገዱን እያየ መለሰ። «ሌላ ማን ይጽፍልኛል? ደግሞ ደብዳቤ ሲጽፉ አይዋሹም፤ አውቅዎታለሁ።»

ሙላው ወደ መስኮቱ ዞረ። እንዲህ መታወቁም አናደደው።

ማምሻውን ለሠርካለም ሁሉንም ነገራት። አልጮኸችም። ሐብሉን ከአንገቷ አውልቃ፣ «ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኸው ነው» አለችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። በሁለተኛው ሳምንት መልሳ አሰረችው። ሊበን በመስከረም ቃለ መጠይቁን አለፈ፤ መሐላውንም ፈጸመ፤ የእናቱን ወረቀት በዚያው ሳምንት አስገባ። በሕንፃው ውስጥ ድግስ ተደረገ፤ ሙላውም ሄደ፤ ሰው ሁሉ ሊበንን ሲያቅፍ አይቶ እሱም ተራውን ጠብቆ አቀፈ። የክሱ ነገር ተሰምቶ ስለ ነበረ ጥቂቶች የእሱን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። ይህ ከሐሜት ይልቅ ከበደው።

በመከር የመጀመሪያው ቅዳሜ ሙላው የዝናብ ልብሱን ለብሶ በጅረቱ ዳር ተገኘ። ጠባቂዋ ስድስት በጎ ፈቃደኞች ሰብስባ ነበር። ሥራውን የሚያሳያቸው ሰው እንደ መጣ ነገረቻቸው፤ በበጋው ጉድጓዱን የደፈነው ሰው የተከላቸው ፈርኖች ሁሉ ሥር ስለ ያዙ እንዲያስተምር ለምናዋለች። ሊበን ጎማ ጫማውን ተጫምቶ ከዝግባው ጀርባ ብቅ አለ። ሙላውን ባየ ጊዜ ኮፍያውን አንሥቶ ሰላምታ ሰጠና ችግኝ ማደል ጀመረ።

ሙላው የደረሰውን ችግኝ ወስዶ፣ ቦታውን ለክቶ፣ በጥንቃቄ ተከለ። አፈሩን ረግጦ ወደ ኋላ ተመልሶ አየው። ከጎኑ የሊበን ረድፍ ነበረ፤ አንድም ሳይለካ የተከላቸው ናቸው፤ ሁሉም እንደ ወታደር ቆመዋል። ሊበን በመስመሩ እየተጓዘ መጥቶ ከሙላው ችግኝ ፊት ቆመ፤ አንገቱን ወደ ግራ አዘንብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተመለከተው።

«ትንሽ ጠሟል፤ ኢንጂነር» አለ።

ሙላው ከኪሱ ክሩንና ድንጋዩን አወጣ። ከችግኙ ጫፍ አንሥቶ ወደ መሬት ለቀቀው፤ ክሩ እስኪረጋ ጠበቀ። ጠሞ ነበር። በጉልበቱ ተንበርክኮ ነቀለውና እንደገና ተከለ።